የቤታችን ዶክተር

ዋርሳዬ ዶክተር አይደለም። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ችግሩ እያወቅን መርሳታችን ነው።

የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ነው። ትልቁ ሆስፒታል ውስጥ መሣሪያ ማምከኛ ክፍል ይሠራል። ከኦፕራሲዮን ክፍል ደም ነክቷቸው የሚወጡትን መቀሶችና መቆንጠጫዎች ያጥባል፤ አድርቆ በአረንጓዴ ጨርቅ ይጠቀልላል፤ ከዚያ በሩ እንደ ባንክ ካዝና የከበደ የእንፋሎት ማሽን ውስጥ ከትቶ ይቀቅላቸዋል። ሥራ በጀመረ ሰሞን ነጭ ጋውኑን ለማጠብ ወደ ቤት ይዞት መጣ። አማቴ ራሳቸው አጥበው ግቢው ውስጥ ገመድ ላይ አሰጡት። ጎረቤታችን በአጥሩ በኩል አንገቷን አስግጋ «የማን ነው ደግሞ ይሄ?» ብትላቸው፣ እጅጌውን በእጃቸው እያቃኑ «የዶክተሩ ነዋ!» አሉ።

በቃ፣ ስሙ እዚያው ገመድ ላይ ወጣለት።

መጀመሪያ ላይ ዋርሳዬ ይስቅ ነበር። «ኧረ ተዉኝ፣ እኔ መቀስ ቀቃይ ነኝ» ይል ነበር። ሰው ግን አልተወውም። ሰፈሩ ውስጥ ግፊት ያለበት፣ ስኳር ያለበት፣ ወገቡን የያዘው ሁሉ «ዶክተር አለ?» እያለ በራችንን ማንኳኳት ጀመረ። እሱም የግፊት መለኪያ ገዛ። መርፌ የታዘዘለት ሰው ጤና ጣቢያ ድረስ ከሚመላለስ ወደኛ ይመጣል፤ ዋርሳዬ ይወጋዋል። እጁ ቀላል ነው፣ መርፌው መቼ ገብቶ መቼ እንደወጣ አይታወቅም። እየቆየ «አይደለሁም» ማለቱን ተወ። «ዶክተር» ሲሉት «አቤት» ይላል።

እኔ ደግሞ በዚህ ቤት የተሰጠኝ ስም ሌላ ነው። ሟርተኛ ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፣ እኔ ክፉው ቀድሞ የሚታየኝ ሰው ነኝ። ልጄን ካሳላት ሳንባዋ ነው እላለሁ። ባለቤቴ ስልክ ካላነሳ የእንጨት መሰንጠቂያው እጁን ቆርጦታል እላለሁ፤ አናጢ ነው። «አንቺ እኮ ፀሐይ ስትወጣ እሳት ተነሳ ብለሽ ባልዲ የምታነሺ ሰው ነሽ» እያለ ይስቅብኛል። አማቴ ግን አይስቁም። ክፉ ቃል ከአፍ ከወጣ ይደርሳል ብለው ያምናሉ። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ፣ በሽታን ቃል እንደማያመጣው አውቃለሁ። ቢሆንም ሰው ሁሉ ዝም በይ ሲልሽ ዝም ማለት ይለምድብሻል።

ልጄ ድንቡሼ ትባላለች። ስትወለድ ጉንጯ ዓይኗን ይሸፍን ነበር። ዛሬ ረዝማ ቀጭን ሆናለች፣ ስሙ ግን ቀረ። ያን ቀን ከትምህርት ቤት መጥታ ቦርሳዋን በሩ ላይ ጣለችና «ሆዴን» አለችኝ። እጇን እምብርቷ ላይ አድርጋለች። ምሳዋን ሳትነካው መልሳዋለች። ውሃ ብሰጣት አስመለሳት።

«ሆስፒታል እንውሰዳት» አልኩ።

«ጀመራት!» አለ ባለቤቴ።

«ዶክተሩ እያለልን ምን ሆስፒታል ትያለሽ?» አሉ አማቴ። «ከሥራ እስኪወጣ አስተኚያት።»

ዋርሳዬ አመሻሹ ላይ መጣ። ጃኬቱን አውልቆ እጁን በሳሙና እስከ ክርኑ ታጠበ። ሐኪሞቹ ሲታጠቡ በየቀኑ ስለሚያይ፣ በዚህ በኩል ከማንም ዶክተር አያንስም። ከዚያ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ሆዷን ዳበሳት።

«የበላችው ነገር አልተስማማትም» አለ። «ጋዝም ሊሆን ይችላል።»

«ትርፍ አንጀት ቢሆንስ?» አልኩ።

ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

«በልጅሽ ላይ ታሟርቺ?» አሉ አማቴ። «ዓይኗን እያየሽ?»

«እትዬ፣ አትጨነቂ» አለኝ ዋርሳዬ በደግነት። ደግ ነው፣ ይህን ማንም አይክደውም። ከጃኬቱ ኪስ ትንሽ ብልቃጥ አወጣ። የሕመም ማስታገሻ ነው፣ ኦፕራሲዮን ክፍል ተከፍቶ የተረፈ። መርፌውን ሲያዘጋጅ የልጄን ሁለት እጆች የያዝኩት እኔ ነኝ።

«ጨረስክ እንዴ? አላመመኝም እኮ!» አለች ድንቡሼ።

ብዙም ሳይቆይ እንቅልፍ ወሰዳት። ባለቤቴ ትንፋሹን ለቀቀና «በል ዶክተር፣ ከተረፈህ እናትየዋንም አንዴ ውጋልኝ» አለ። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፣ ሲስቁ ብቻዬን ማኩረፍ ስላፈርኩ።

ጠዋት ወደ ሥራ ሲወጣ ዋርሳዬ አንድ ጊዜ ደግሞ ወጋትና ሄደ። ባለቤቴም ወደ ወርክሾፑ ወጣ። ድንቡሼ «ደህና ነኝ» አለች። ከንፈሯ ደርቋል፣ ግንባሯ ለብ ብሏል፣ ግን «ደህና ነኝ» ትላለች። እኔ ወጥ ቤት ሆኜ በመስኮት አያታለሁ። ወደ ግቢው ልትወጣ በረንዳው ላይ ደረሰች። በረንዳችን ላይ አንዲት ደረጃ አለች፤ ድንቡሼ መራመድ ከጀመረች ወዲህ ያቺን ደረጃ ረግጣ ወርዳ አታውቅም፣ ሁልጊዜ ትዘልላታለች። ያን ቀን ግድግዳውን ይዛ፣ እንደ አሮጊት ጎንበስ ብላ፣ አንድ እግሯን አስቀድማ ወረደች። ሌላው እጇ በቀኝ ጎኗ ላይ ነበር።

ምድጃውን አጥፍቼ ወጣሁ።

ጫማዋን አደረግኩላት። አማቴ «ወዴት ነው?» ሲሉኝ «ሆስፒታል» አልኳቸው፤ እሳቸውም ቦርሳቸውን አንስተው ተከተሉኝ። ለልጄ አስበው መስሎኝ ነበር። ታክሲው ውስጥ ክንዴን ጨበጡና በጆሮዬ፣ «የመርፌውን ነገር እንዳታነሺ። ልጄን ከእንጀራው ታፈናቅዪዋለሽ» አሉኝ። ድንቡሼ ጭንቅላቷን ጭኔ ላይ አድርጋ፣ መኪናው ጉድጓድ በገባ ቁጥር ዓይኗን ጭምቅ ታደርግ ነበር።

ዋርሳዬ የሚሠራበት ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውስጥ የተቀበለችን ነርስ መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ቀጭን ሴት ናት። ሁሉም ሲስተር ይሏታል። ሙቀት ለካች፣ ክብደት ለካች፣ እየጻፈች ጠየቀችን።

«መቼ ጀመራት?»

«ትናንት፣ ትምህርት ቤት እያለች።»

«አስመልሷታል?»

«አዎ።»

«የወሰደችው መድኃኒት አለ?»

አፌን ከፈትኩ። «ሻይ ብቻ!» አሉ አማቴ ከኋላዬ። «ሻይ ነው የሰጠናት፣ ሲስተር።»

ሲስተር ጻፈች። ብናገር ዋርሳዬ ከሥራ ይባረራል፤ ምናልባት ይታሰራል፤ ባለቤቴ ወንድሜን ሸጥሽው ይለኛል፤ ቤቱ ይፈርሳል። ባልናገር ደግሞ… ክፉውን ማሰብ የለመድኩት ነገር ነው። ያን ቀን ግን ሁለት ክፉ ቀርቦልኝ አንዱን ምረጪ ተባልኩ።

የመረመረቻት ዶክተር ወጣት ሴት ናት። ፊቷ ደክሟል፣ እጇን ግን ሆዷ ላይ ከማሳረፏ በፊት እፍ እፍ ብላ አሞቀችው። ይህን ሳይ ወደድኳት።

«እዚህ ጋ ያምሻል የኔ ቆንጆ?»

«ትንሽ።»

«እጄን ሳነሳውስ?»

«ትንሽ።»

የደም ምርመራው ውጤት ሲመጣ አየችው። ከፍ ያለ ነገር አለ፣ ግን ከብዙ ነገር ሊመጣ ይችላል አለች። ትኩሳቱም ያን ያህል አይደለም። አልጋ ሞልቷል፤ ኮሪደሩ ላይ እንኳን ሰው ተኝቷል። «እናት፣ አሁን ከባድ ነገር አይመስለኝም» አለችኝ። «ትርፍ አንጀት ቢሆን በዚህ ሰዓት በጣም ያማት ነበር። ቤት ሆና ትታይ። ከባሰባት ነገ ያምጧት።»

አማቴ «ተመስገን!» ብለው ተነሡ።

ዕድሜዬን ሙሉ አንድ ሰው ምንም አይደለም እንዲለኝ ስመኝ ኖሬያለሁ። አሁን አንዲት እውነተኛ ዶክተር ምንም አይመስለኝም ስትለኝ፣ እንዲህ ያሰኛት መርፌው መሆኑን የማውቅ እኔ ነበርኩ። ድንቡሼ ጫማዋን ልታደርግ ጎንበስ ማለት አቅቷት፣ እግሯን ወደኔ ዘረጋችልኝ።

ጫማውን መሬት ላይ አስቀመጥኩት።

«ዶክተር፣ ተወግታለች» አልኩ።

«ምን?»

«መርፌ ተወግታለች። የሕመም ማስታገሻ። ማታም፣ ዛሬ ጠዋትም።»

አማቴ «አንቺ ሴትዮ!» አሉ። ዶክተሯ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «የመድኃኒቱ ስም? መጠኑ? ማነው የወጋት?»

«ስሙን አላውቅም። የወጋት ግን እዚሁ ነው ያለው። ዶክተር…» ብዬ አፌ ተያያዘ።

«የትኛው ዶክተር?» አለች ሲስተር።

ለካ ዋርሳዬን በሌላ ስም ከጠራሁት ብዙ ጊዜ ሆኖኛል። «ረጅም፣ ቀይ፣ ጥርሱ ፍንጭት የሆነ» አልኩ። «ነጭ ጋውን… እዚያ መሣሪያ የሚቀቅለው…»

«እንፋሎት?» አለች ሲስተር። መነጽሯን አወለቀች። «እንፋሎት ነው እንዴ መርፌ የሚወጋው?» ለካ እዚህ ሆስፒታል የሚጠሩት በዚህ ስም ነው።

በሩ ላይ የቆመው ዘበኛ ሳቁ አመለጠው። «እንፋሎት ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ሐኪም የሆነው?» አለ። ከዚያ የዶክተሯን ፊት አይቶ ፊቱን ወደ ኮሪደሩ መለሰ።

ዋርሳዬን ጠርተው አመጡት። የፕላስቲክ ሽርጥ አድርጓል፣ የጎማ ቦት ተጫምቷል፣ ፊቱ ከእንፋሎቱ የተነሳ ቀልቷል፣ ፀጉሩ ርሷል። አልጋው ላይ ድንቡሼን አየ። እናቱን አየ። እኔን አየና ዓይኑን ሰበረ። ማታ እጁን እስከ ክርኑ ታጥቦ አልጋዋ ጠርዝ ላይ የተቀመጠው ሰውዬ የት እንደገባ እንጃ።

«ልጄ ምንም አላደረገም!» አሉ አማቴ። «ይቺ ናት የምትቀባጥረው። ከድሮም ሟርተኛ ናት!»

ዶክተሯ ወደ እሳቸው አልዞረችም። «አንተን ነው የምጠይቅህ። ወግተሃታል?»

ከሽርጡ ላይ ውሃ ጠብ ጠብ ይላል። እናቱ ዓይን ዓይኑን ያዩታል። እኔ እግዜርን እለምን ነበር፤ ባይናገር ማን ያምነኛል? የኔን ፍርሃት ማን ቁም ነገር ብሎት ያውቃል?

«አዎ፣ ዶክተር» አለ።

የመድኃኒቱን ስም ተናገረ። መጠኑን ተናገረ። ከየት እንዳመጣውም ሳትጠይቀው ተናገረ። ከዚያ ድምፁ ቀጠነና «እንዳያማት ብዬ ነው» አለ።

«አላመማትም» አለች ዶክተሯ። አልጮኸችም። «ለዚህ ነው እኔም ወደ ቤቷ ልልካት የነበረው።»

የበረንዳችንን ደረጃ ነገርኳት። በሌላ ጊዜ ቢሆን እንዲህ ያለ ነገር ለሐኪም መንገር ያሳፍረኝ ነበር። እሷ ግን ጆሮዋን ሰጠችኝ፤ ድንቡሼንም «እስቲ ሳል በይልኝ» አለቻት። ልጄ ልትስል ሞከረችና በመሐል ቀኝ ጎኗን ይዛ ኩርምት አለች። ዶክተሯ ስልክ አነሳች።

ከዚያ በኋላ ሰው በሰው ላይ ሆነ። አልትራሳውንድ የሚያነሳው መጣ። ቀዶ ሐኪሙ መጣ፤ ሰፊ ትከሻ ያለው፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው፣ ምስሉን አይቶ «አሁኑኑ» ብቻ አለ። የማደንዘዣ ባለሙያው መጥቶ ምን እንደበላች፣ ምን እንደተወጋች፣ መቼ እንደሆነ እንደ አዲስ ጠየቀኝ። ማንም ሳይቀድመኝ ሁሉንም ነገርኩት። «እንዲህ ይነገረኝ፣ እናት» አለ።

የነርሶቹ አለቃ፣ ሜትሮን የሚሏት፣ ቁልፎቿን እያንቀጫቀጨች ደረሰች። ነገሩን ሰምታለች። ዋርሳዬ ግድግዳው ሥር ቆሞ ነበር።

«ያንተን ጉዳይ በኋላ እንነጋገራለን» አለችው። «አሁን የሆድ ኦፕራሲዮን መሣሪያውን አውጣልኝ።»

ሮጠ። በዚያ ሰዓት እዚያ ክፍል ያለው እሱ ብቻ ነበር።

ልጄን ሲወስዷት አልጋውን ይዤ እስከ ኦፕራሲዮን ክፍሉ መግቢያ ሄድኩ። ከዚያ ወዲያ አይታለፍም። ከመግቢያው አጠገብ ባለች መስኮት ዋርሳዬን አየሁት። ያን ከባድ በር ከፍቶ ጥቅሎቹን አንድ በአንድ ያነሳል። ጥቅሉ ላይ የሚለጠፍ ወረቀት አለ፣ እንፋሎቱ በደንብ ሲደርሰው መስመሮቹ ይጠቁራሉ። እሱን ያያል፤ ጨርቁን ገልበጥ አድርጎ በመዳፉ ይዳብሳል። አንዱን አንስቶ መልሶ አስቀመጠው።

«ፍጠን እንጂ!» አለች ሜትሮን።

«ጥጉ ረጥቧል። እርጥብ አይገባም» አለ። «ሌላ አለኝ።»

ድምፁ ቤት ውስጥ ሰምቼው የማላውቀው ድምፅ ነው። ልክ ነው፣ ሥራውን ያውቃል። ደረቁን ጥቅል በሁለት እጁ ከደረቱ አርቆ ይዞት አለፈ። እኔ መስታወቱ ላይ ግንባሬን አስደግፌ፣ ይሄ ሰውዬ ምነው ትናንት በመጣልን ብዬ አሰብኩ።

አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። አማቴ ከወዲያኛው ጫፍ ተቀመጡ። ባለቤቴ ሰጋቱራ ፀጉሩ ላይ እንዳለ መጣ። እናቱ ጆሮው ላይ ረጅም ነገር አወሩለት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ማነው የተናገረው?»

«እኔ።»

ከሁለታችንም አጠገብ አልተቀመጠም፤ ሄዶ መስኮቱ ጋ ቆመ። የሚገርመው፣ ክፉ ክፉውን ሲስል የሚውለው ጭንቅላቴ ያን ሰዓት ባዶ ሆነ። አንድም ነገር አልታየኝም። ኮሪደሩ ላይ የምትጠርገውን ሴት መጥረጊያ ብቻ አያለሁ፣ ሲሄድና ሲመለስ።

ቀዶ ሐኪሙ ሲወጣ ኮፍያውን በእጁ ይዞ ነበር። «ፈንድቷል» አለ። «መግሉን አጥበናል፣ ትርፍ አንጀቱን አውጥተናል። ልጅቷ ደህና ናት። አሁን የሚያሰጋን ኢንፌክሽኑ ነው፤ እዚሁ ተኝታ መርፌዋን መከታተል አለባት። እስከ ነገ ቆይታችሁ ቢሆን ኖሮ…» ብሎ ተወው። የቀረውን እኔ በልቤ ጨረስኩት። ባለቤቴ መስኮቱን ይዞ ቁጭ አለ፣ ወለሉ ላይ።

በማግስቱ ጠያቂ መጣ። ከሰፈርም፣ ከዘመድም። አማቴ የድንቡሼን አንሶላ እያስተካከሉ ለመጣው ሁሉ ያወሩ ነበር። «ዶክተራችን ቀድሞ መርፌ ባይሰጣት ኖሮ አልቆላት ነበር። እሱ ነው ያቆየልን።» ጎረቤታችን «አይ እጅ!» ትላለች። እኔን አማቴ አያናግሩኝም። ሾርባ ሲያቀብሉኝ እንኳን በባለቤቴ በኩል ነው። እኔ የልጄን ግንባር በየደቂቃው እነካለሁ። ትኩሳቱ ይወጣል፣ ይወርዳል። ሲስተር «የሚጠበቅ ነው» ትለኛለች። አላምናትም፣ ግን ደጋግሜ እጠይቃታለሁ፣ እሷም ሳይሰለቻት ትመልስልኛለች።

ዋርሳዬ ሊመሻሽ ሲል መጣ። ጋውን የለውም። ያንን የኪሱን ብልቃጥ ያወጣበትን ጃኬት ለብሷል። ከአልጋው እግርጌ ቆመ።

«ምን አሉህ?» አለው ባለቤቴ።

«እስኪወስኑ ድረስ ከሥራ ታግጃለሁ።»

አማቴ ወደ እኔ ሳያዩ «ደስ ይበላት» አሉ።

በዚህ መሐል ሲስተር የድንቡሼን መርፌ ይዛ ገባች። ልጄ መርፌውን ስታይ አንሶላዋን እስከ አገጯ ሳበችው።

«እሷ አትውጋኝ! ዶክተር ይውጋኝ! የእሱ አያምም!»

ሲስተር መሐል ላይ ቆመች። ጠያቂዎቹ ወደ ዋርሳዬ ዞሩ። እሱ እጆቹን ኪሱ ውስጥ ከተታቸው።

«ስጪው እስቲ፣ ሲስተር» አሉ አማቴ። «እጁ ቀላል ነው። ልጅቷን ከምታስለቅሻት…»

«እማዬ፣ በቃ!»

ዋርሳዬ በእናቱ ላይ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ሰምቼው አላውቅም። ራሱም ደንግጦ ቆመ። ከዚያ ወደ አልጋው ቀረብ አለ።

«ድንቡሼ፣ እኔ ዶክተር አይደለሁም» አላት።

«ታዲያ ምንድን ነህ?»

አሰበ። «አጎትሽ ነኝ» አለ። «መቀስ ቀቃይ።»

ጎረቤታችን ጉሮሮዋን ጠረገች። ማንም አልሳቀም። እሱ ወደ እኔ ዞረ፤ ከትናንት ወዲህ ዓይኔን ሲያይ የመጀመሪያው ነው። «እትዬ፣ እጇን ልያዝላት?»

ወዲያው እሺ ማለት አልቻልኩም። ጭራሽ እምቢ አልኩት ብል ይቀለኝ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ግን ፊቱን ሳይ አሳዘነኝ። አንድ እጇን ለቀቅኩለት። ሌላውን እኔው ያዝኩት።

ሲስተር ወጋቻት። እጇ ቀላል አይደለም። ድንቡሼ ክፍሉ እስኪናወጥ ጮኸች። አማቴ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፤ ባለቤቴ «ኧረ ቀስ!» አለ።

«አሞኛል!» አለች ልጄ እያለቀሰች።

«እሺ» አልኳት፣ ፀጉሯን ከግንባሯ ላይ እየመለስኩ። «እሺ የኔ እናት። ሌላስ የት ያምሻል? ሁሉንም ንገሪኝ።»